የሰንጠረዥ ንጉሥና የጀጎል በር

፩፤ ስለ ግንብና ስለ በር

ልጆች ሆይ፥ ሐረርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጀጎልን ያውቃል። ጀጎል ማለት አሮጌውን ከተማ ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ዛሬ ግን ግንቡ ብቻ ሳይሆን በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ዙሪያው 3,500 ሜትር ያህል፥ ቁመቱም 4 ሜትር ያህል ነው። በ2006 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ጀጎልን በዓለም ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። በዚህ ጽሑፍ የምታነቡት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ግንቡ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉት። ስማቸውም ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር ነው። የከተማው ተወላጆች ግን በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ይኸውም አሱም በሪ፥ አርጎብ በሪ፥ ሱቁጣጥ በሪ፥ በድሮ በሪና አስማዲን በሪ ነው። በኋላ ዘመን መኪና የሚያልፍበት ሰፊ በር ተጨመረ።

ግንቡ የተሠራው ከተማውን ከጠላት ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ግንቡን የሠሩት ሰዎች በሩን አልረሱም። በር ባይኖር ኖሮ ከጠላት የዳነው ሰው በረኀብ በሞተ ነበር፤ እህሉና እንጨቱ፥ ቡናውና ጨውም የሚገባው በበር ነውና። በቀድሞ ዘመን በመሸ ጊዜ በሮቹ ይዘጉ ነበር፤ በነጋም ጊዜ ይከፈቱ ነበር። ግንብ ያለ በር ወኅኒ ነው፤ በርም ያለ ጠባቂ የጠላት መንገድ ነው። ስለዚህ ጥበብ ያለው ሰው ሁለቱንም ያስባል።

ይህን አስቀድመን የተናገርነው ስለ አንድ ጨዋታ ልናስረዳችሁ ስለ ፈለግን ነው። በዚያም ጨዋታ አንድ ንጉሥ አለ፤ ንጉሡም እንደ ጀጎል ያለ ግንብ ያስፈልገዋል፤ ግንቡም በር ያስፈልገዋል።

፪፤ ሰንጠረዥ ከወዴት መጣ

ዛሬ ቼዝ የምንለውን ጨዋታ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። ጨዋታው መጀመሪያ የተገኘው በሕንድ አገር ነው። ሕንዶች ቻቱራንጋ ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም አራት ክፍል ያለው ማለት ነው። ይኸውም የሕንድ ጦር በአራት ክፍል ይሰለፍ ስለ ነበረ ነው፤ አንደኛው እግረኛ፥ ሁለተኛው ፈረሰኛ፥ ሦስተኛው ዝሆን፥ አራተኛው ሠረገላ ነበረ። ከሕንድ ወደ ፋርስ አገር ተሻገረ፤ ፋርሶችም ቻትራንግ አሉት። ከፋርስ ወደ ዐረቦች አለፈ፤ ዐረቦችም ሻትራንጅ አሉት። ከዚያም ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሰንጠረዥ ተባለ። ልጆች ሆይ፥ አንድ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር እንዴት እንደሚለወጥ ከዚህ ተመልከቱ።

ገበታው 64 ቤቶች አሉት። ከሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዱ 16 ጠጠር ያሰልፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ንጉሡ ነው፤ እርሱ ግን በአንድ ጊዜ ከአንዲት ቤት በላይ አይራመድም። ከጠጠሮቹ አንዱ በቀጥታ ይሄዳል፤ ወደ ፊትም ወደ ጎንም መንገዱ ባዶ እስከ ሆነ ድረስ ይዘልቃል። ፈረንጆች ይህን በግንብ መልክ ይቀርጹታል፤ አባቶቻችን ግን ደር ይሉት ነበር፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ደር እንለዋለን። ፈረሱ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ዘሎ ያልፋል። ከሁሉ የሚያንሱት ስምንቱ ወታደሮች ናቸው፤ እነርሱም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም።

የጨዋታው ፍጻሜ ይህ ነው። የአንዱ ንጉሥ በተከበበ ጊዜ መሸሻ፥ መከለያም፥ የከበበውንም መግደያ ካጣ «ማት» ይባላል፤ ጨዋታውም በዚያው ቅጽበት ያልቃል። ከሌሎቹ ጠጠሮች ብዙ የገደለ ሰው እንኳ ንጉሡ ከተያዘ ተሸናፊ ነው።

፫፤ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ

በአገራችን ሰንጠረዥን የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከቬኔሲያ አገር ከመጣ ሰው ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ መጥቶ ነበር፤ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚወዱ አይቶ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። ሃሮልድ መሪ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊም በ1913 ባወጣው ታላቅ የሰንጠረዥ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ አልረሳም።

የአባቶቻችን ገበታ እንደ ዛሬው በጥቁርና በነጭ ቤት የተከፈለ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበረ፤ በላዩም ጥቁር ወይም ሰማያዊ የጨርቅ ጥብጣብ በመስመር ተሰፍቶ ቤቶቹን ይለያል። ወታደሩን መደቅ፥ ዝሆኑን ፊል ይሉት ነበር። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ይባላል፤ እርሱም በማዕዘን በኩል አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። በአውሮፓ ግን ከ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ በፈርዝ ፈንታ ንግሥት ቆመች፤ ኃይልዋም ከሁሉ በለጠ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጫወቱት በዚህ በአውሮፓው ሕግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአባቶቻችን ጨዋታ አጀማመር ነው። አጀማመሩ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ሰዎች በአንድነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ የወደደውን ያህል ይራመዳል። አንዱ ከባላጋራው አንድ ጠጠር በገደለ ጊዜ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እየተራረፉ በተራ በተራ ይጫወታሉ። ስለዚህ በወረራ ጊዜ እጅ ይፈጥናል። ነገር ግን ብልህ ተጫዋች እጁ እየሮጠ ዓይኑን በባላጋራው ሰልፍ ላይ ያኖራል። ባላጋራው ፈረሱን ወደዚህ ቢያመጣ እርሱ ወታደሩን ወደዚያ ይገፋል። እጁ ብቻ የሚሮጥ፥ ዓይኑ የሚተኛ ሰው ግን ወረራው ሲያበቃ ሰልፉ ፈርሶ ያገኘዋል።

ደግሞ ሌላ መልካም ልማድ ነበራቸው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ብዙ ምስጋና አያሰጥም ነበር። በትንንሾቹ ጠጠሮች የያዘ ሰው ግን ይመሰገን ነበር። ይህም ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አሸናፊው ያሸነፈበት መንገድ እንደሚታይ ያስተምረናል።

፬፤ ስለ ሰዓት ጨዋታ

ቀድሞ ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው የጊዜ ወሰን አልነበረበትም። አንዳንዱ ሰው አንዲት ጠጠር ለማንሣት ብዙ ጊዜ ያስብ ነበር፤ ባላጋራውም ይሰለች ነበር። በኋላ ጊዜን በአሸዋ ሰዓት ይለኩ ጀመር። በ1883 በሎንዶን ከተማ በተደረገው ታላቅ ውድድር ደግሞ ሁለት ሰዓቶች በአንድነት ተጣምረው ሠሩ። አንደኛው ሲሄድ ሁለተኛው ይቆማል። ተጫዋቹ ጠጠሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ የሰዓቱን ራስ ይጫናል፤ ያን ጊዜ የእርሱ ሰዓት ይቆማል፤ የባላጋራውም ይሄዳል። ከዚያም ወዲህ በሰዓቱ ፊት ላይ ትንሽ ቀይ ባንዲራ ተደረገች። ጊዜው ባለቀ ጊዜ ባንዲራዋ ትወድቃለች፤ ያ ሰውም ብዙ ጠጠር ቢኖረው እንኳ ይሸነፋል። በዛሬ ጊዜ በባንዲራ ፈንታ ቍጥር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ሰዓት በብዙ ስፍራ ይገኛል።

የዓለም የቼዝ ማኅበር ፊዴ ይባላል፤ የተመሠረተውም በ1924 በፓሪስ ከተማ ነው። በዚህ ማኅበር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ የተሰጠበት ጨዋታ ብሊትዝ ይባላል። ብሊትዝ በጀርመን ቋንቋ መብረቅ ማለት ነው። እንደ መብረቅ ፈጥኖ የሚያልፍ ስለ ሆነ ይህን ስም አወጡለት።

ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። በዚህ ጨዋታ ለሁለቱም ሰዎች እኩል ጊዜ ተሰጥቷል። ሀብታሙም 5 ደቂቃ፥ ድኻውም 5 ደቂቃ አለው። ነገር ግን ሰዓቱ ሁለት ነው። የአንዱ ጊዜ ለሌላው አይሰጥም፤ አይበደርም፤ አይሸጥምም። እያንዳንዱ የሚጠየቀው በራሱ ሰዓት ነው። ለሚመጣው ምሳሌ መፍቻው ይህ ነው።

፭፤ የልብስ ሰፊውና የነጋዴው ምሳሌ

በጀጎል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም የልብስ መኪናዎች ድምፅ በሚሰማበት በመኪና ግርግር መንገድ ነው። ሁለተኛው ቡና ነጋዴ ነው፤ ሱቁም በፈረስ መጋላ አጠገብ ነው። ሁለቱም ሰንጠረዥን የሚጫወቱት ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ማታ ማታ ይጫወታሉ።

አንድ የበዓል ቀን አንድ የትምህርት ቤት መምህር በቤታቸው ግቢ የብሊትዝ ውድድር አደረጉ። ለያንዳንዱ ተጫዋች 5 ደቂቃ ተሰጠ። ለአሸናፊው ሽልማት የሚሆን አንድ አዲስ መዝገበ ቃላት በጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ነበረው፤ ልጁም መዝገበ ቃላት አልነበረውም። አባቱም «ልጄ ሆይ፥ ካሸነፍሁ ያ መጽሐፍ የአንተ ነው» አለው። ልጁም ከአባቱ በስተኋላ ቆሞ ይመለከት ነበር።

ሌሎቹ ሁሉ ተሸንፈው ልብስ ሰፊውና ነጋዴው ለፍጻሜው ጨዋታ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ንጉሡን ወደ ገበታው ጥግ አገባው፤ በፊቱም ሦስት ወታደሮች እንደ ግንብ አቆመ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ አዋቂዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በንጉሡ ረድፍ ላይ ደግሞ አንድ ደር እንደ ዘበኛ አኖረ። ነገር ግን ከሦስቱ ወታደሮች አንዱን እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አልገፋም። ግንቡ ነበረ፥ በሩ ግን አልነበረም።

ነጋዴው ቡናውን በሚዛን እንደሚመዝን ሰው ቀስ ብሎ ተጫወተ። ስለዚህ ሰዓቱ አለቀበት። በመጨነቁም አንድ ፈረስ በከንቱ አስገደለ። ከብዙ እርምጃ በኋላ ልብስ ሰፊው አንድ ደርና አንድ ፈረስ፥ ነጋዴውም አንድ ደር ብቻ ቀራቸው፤ ወታደሮቻቸውም እኩል ነበሩ። በልብስ ሰፊው ሰዓት 2 ደቂቃ፥ በነጋዴው ሰዓት ግን 20 ሴኮንድ ቀርቶ ነበር። በዙሪያው የቆሙትም ሰዎች «ነጋዴው አለቀለት» ብለው በዓይናቸው ተነጋገሩ።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው በልቡ እንዲህ አሰበ፤ «እኔ ቆሜ ባስብ እርሱም በእኔ ሰዓት ያስባል። እኔ ፈጥኜ ብጫወት ግን እርሱ የሚያስብበት ጊዜ ያጣል፤ ባንዲራውም ይወድቃል።» ስለዚህ ሳያስብ ይጫወት ጀመር። ነጋዴው በአንድ ሴኮንድ ሲጫወት እርሱም በአንድ ሴኮንድ መለሰ። እጃቸው በገበታው ላይ እንደ መኪና መርፌ ወጣ ወረደ።

በገበታው ዳር አንድ ጠባቂ የሌለው የነጋዴው ወታደር ነበረ። ልብስ ሰፊው ባየው ጊዜ ደስ አለው፤ በንጉሡ ረድፍ ላይ ዘበኛ የነበረውን ደር አንሥቶ ወታደሩን ገደለ፤ ሰዓቱንም መታ። እጁ ከሰዓቱ ሳይርቅ ነገሩ ታየው። የንጉሡ ረድፍ ባዶ ሆኗል፤ ፈረሱም ሩቅ ነው። ነገር ግን ሰዓቱን ከመታ በኋላ መመለስ የለም።

ነጋዴውም አየ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ደሩን አንሥቶ በንጉሡ ረድፍ ላይ አኖረው። ንጉሡ ወደ ጎን እንዳይሄድ ረድፉ ሁሉ ተይዟል። ወደ ፊት እንዳይሄድ የገዛ ሦስት ወታደሮቹ ዘግተውበታል። ማት ሆነ። ከጠላት እንዲጠብቁት የቆሙት ወታደሮች ወኅኒ ሆኑበት።

፮፤ ስለ ባንዲራዋ ክርክር

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ነጋዴው ከድንጋጤው የተነሣ ደሩን ካኖረ በኋላ ሰዓቱን መምታት ረሳ። ሰዓቱም መሄዱን አላቆመም ነበርና ጥቂት ሴኮንዶች ካለፉ በኋላ ባንዲራዋ ወደቀች። ከልብስ ሰፊው ወዳጆች አንዱ «ባንዲራው ወድቋል! ነጋዴው ተሸነፈ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ይህን ሰምተው ጮኹ። አንዳንዱም «የለም፥ አስቀድሞ ማት ሆኗል» አለ። ዳኛ የነበሩት መምህር በዚያን ጊዜ ወደ በር ሄደው ነበርና የሆነውን አላዩም።

ሕጉ ግልጥ ነው። ማት ጨዋታውን በዚያው ቅጽበት ይፈጽማል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ቢመታም ባይመታም ለውጥ የለም። ማቱ ከቀደመ ያሸነፈው ነጋዴው ነው፤ ባንዲራዋ ከቀደመች ግን ያሸነፈው ልብስ ሰፊው ነው። ስለዚህ መምህሩ ገበታውንና ሰዓቱን ተመልክተው ልብስ ሰፊውን «ወንድሜ ሆይ፥ ከሁለቱ የቀደመው የትኛው ነው? አንተ በፊቱ ነበርህና ንገረኝ» አሉት።

ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ተመለከተ። ልጁንም ተመለከተ፤ ልጁ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «አላየሁም» ቢል ማንም አይከስሰውም ነበር፤ ሰው በጥድፊያ ብዙ ነገር አያይምና። ልብስ ሰፊው ግን «ማቱ ቀደመ። ባንዲራዋ የወደቀችው ኋላ ነው» አለ። ንጉሡንም በገበታው ላይ አስተኝቶ ለነጋዴው እጁን ዘረጋለት።

መጽሐፉን ነጋዴው ወሰደ። ልጁ በመንገድ ሲሄድ አዘነ፤ ማዘኑም አያስነቅፈውም፤ የተመኙትን ነገር ማጣት ያሳዝናልና። ወደ ቤት በደረሱ ጊዜ አባትዮው ገበታውን አውጥቶ ጠጠሮቹን እንደዚያው አሰለፈ። ከሦስቱ ወታደሮች አንዱን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፍቶ «ልጄ ሆይ፥ ይህች በር ናት። ይህችን ለመክፈት አንድ እርምጃ ይበቃኝ ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ» አለው።

ከዚያም ቀን ጀምሮ በእነዚያ ሰዎች መካከል ስለ ጨዋታ ክርክር በተነሣ ጊዜ ልብስ ሰፊውን ዳኛ አድርገው ይጠሩት ጀመር። በራሱ ላይ እውነት የፈረደ ሰው በሌላው ላይ ሐሰት አይፈርድም ብለው አመኑበት።

፯፤ ልብስ ሰፊው ስለ ምን ተሸነፈ

አንዳንድ ሰው «ልብስ ሰፊው የተሸነፈው ጊዜ አጥሮት ነው» ይል ይሆናል። ይህ ግን እውነት አይደለም። ማት በሆነ ጊዜ በሰዓቱ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚያህል ጊዜ ቀርቶት ነበር። ያ ጊዜ ግን አልጠቀመውም። እህል በጎተራው ሞልቶ ሳለ ሳይፈጭ በረኀብ እንደ ተኛ ሰው ሆነ።

የተሸነፈበት ምክንያት የባላጋራውን ሰዓት የራሱ ሰዓት ስላደረገው ነው። ጊዜ ያጠረው ነጋዴው ነበር፤ የቸኰለው ግን ልብስ ሰፊው ነው። ነጋዴው ቢቸኵል ግድ ሆኖበት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውምና። ልብስ ሰፊው ግን ከሁለቱ ደቂቃ አሥር ሴኮንድ ወስዶ «ይህን ደር ባነሣ ንጉሤን ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ባዳነው ነበር። አሥር ሴኮንድ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት ከወጣ ብዙ ነው።

ፍጥነትና ጥድፊያ አንድ አይደሉም። ፈጣን ሰው አስቀድሞ የተማረውንና የለመደውን ነገር ሳይዘገይ ያደርጋል። ልብስ ሰፊው በመኪናው ላይ ሲሰፋ እጁ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ጨርቁን ከመቍረጡ በፊት ይለካል። የሚቸኵል ሰው ግን ሳይለካ ይቈርጣል። ስለዚህ አባቶቻችን የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ብለው መሰሉ። የብሊትዝ አዋቂዎችም የሚፈጥኑት ብዙ ዘመን በዝግታ ስለ ተማሩ ነው። ደግሞም ጨዋታው ሳይጠብብ አንዱን ወታደር ገፍተው የንጉሡን በር አስቀድመው ይከፍታሉ። በሩ በጊዜው ከተከፈተ በጭንቅ ሰዓት ስለ እርሱ ማሰብ አያስፈልግምና።

፰፤ ምክር

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በፈተና ቀን ጓደኛችሁ ወረቀቱን ፈጥኖ በሰጠ ጊዜ ልባችሁ አይደንግጥ። እርሱ የሄደው በራሱ ሰዓት ነው፤ ለእናንተ የተሰጠው ሰዓት ገና አለ። የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡ። ሌላው ስለ ሮጠ አትሩጡ፤ ሌላው ስለ ተኛም አትተኙ። የእናንተ ሰዓት ስንት እንደ ቀረው እየተመለከታችሁ ሥሩ።

ቤታችሁን ስትሠሩ፥ ትምህርታችሁንም ስትማሩ፥ ገንዘባችሁንም ስታከማቹ ግንቡንና በሩን አንድ ላይ አስቡ። ራሱን ከሰው ሁሉ ዘግቶ የሚኖር፥ ምክር የማይሰማ፥ ስሕተቱንም ለማረም መንገድ ያላስቀረ ሰው ደኅና የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ችግር በመጣ ጊዜ ግን የገዛ ግንቡ ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አትርሱ። ጨዋታ ሲሸነፉ ነገ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ጠጠሮቹ እንደ ገና ይሰለፋሉ፤ ሰዓቱም እንደ ገና ይሞላል። ሐሰት ተናግሮ ያሸነፈ ሰው ግን ያገኘውን መጽሐፍ በከፈተ ቍጥር ሐሰቱን ያነብባል። ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን አንድ ንጉሥ አጣ፤ የልጁን እምነት ግን አላጣም።

ጥያቄዎች

1. የጀጎል ግንብ ከጥንት ጀምሮ ስንት በሮች አሉት? ስማቸውን ተናገሩ።
2. ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ ወደ አገራችን የደረሰው በየትኞቹ አገሮች አልፎ ነው?
3. ወረራ ምንድር ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው?
4. ልብስ ሰፊው ጊዜ ሳያጥረው ስለ ምን ቸኰለ?
5. ከማትና ከባንዲራዋ የቀደመው የትኛው ነው? ልብስ ሰፊው «አላየሁም» ቢል ኖሮ ምን ያተርፍ ነበር? ምንስ ያጣ ነበር?